ከኒም ፍሬ እስከ ነቀዝ ክኒን፦ በእርሻችን ያሉ ውህዶች ምን ይሠራሉ?

አዳማ አትክልት ተራ ቲማቲም የሚመርጥ ሸማች ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቀው ብዙ ጊዜ «ኬሚካል የለበትም አይደል?» ብሎ ነው። ሻጯም «ኧረ የለበትም፤ የተፈጥሮ ነው» ትለዋለች። ጥያቄው ከእውነተኛ ስጋት የመጣ ነው፣ ስጋቱንም እጋራለሁ። መልሱ ግን ለሸማቹም ለሻጯም የሚነግራቸው ነገር የለም። ቲማቲሙ ራሱ ከልጣጩ እስከ ፍሬው ኬሚካላዊ ውህድ ነው። በቅጠሉና ባልበሰለው አረንጓዴ ፍሬው ውስጥ ያለው ቶማቲን ደግሞ ተክሉ ተባይና ሻጋታን ለመከላከል ራሱ የሚያዘጋጀው መርዝ ነው። ሲበስል መጠኑ በእጅጉ ስለሚቀንስ እንበላዋለን።

ስለ አንድ የእርሻ ውህድ ማወቅ የሚገባን ሦስት ነገር ነው። ማንን ይነካል? በምን ያህል መጠን? ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ምን ያህል ጊዜ ይቆያል? ከዛፍ መገኘቱም ሆነ ከፋብሪካ መውጣቱ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ አይሆንም። ይህን የምለው በነገር ለመራቀቅ አይደለም። ጉዳት የሚደርስባቸው ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዱት ከሦስቱ አንዱን ሳይጠይቁ ስለቀሩ ነው።

በጣም ከምናውቀው እንነሳ። ከብት በሸናበት ቦታ ሣሩ ከዙሪያው ይልቅ ጠቆር ብሎ የሚያድገው ሽንቱ ውስጥ ባለው ዩሪያ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 ፍሪድሪክ ቮለር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ይህንኑ ውህድ ያለ ምንም ኩላሊት በቤተ ሙከራ ሠራው። በዚያ ዘመን ብዙ ምሁራን ሕያው አካል የሚሠራውን ነገር ሰው በብርጭቆ ውስጥ ሊሠራው እንደማይችል ያምኑ ስለነበር ግኝቱ አስደንግጧቸው ነበር። ዛሬ በ50 ኪሎ ከረጢት የሚታደለው ዩሪያ ከብቱ ከሸናው ዩሪያ ጋር በአንዲት አቶም እንኳ አይለያይም፣ የስንዴው ሥርም ሁለቱን አይለይም። የሚለያዩት በመጠን ነው። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ስለሆነ በአንዱ ከረጢት ውስጥ 23 ኪሎ ናይትሮጅን አለ። ይህ ክምችት ከችግኙ ሥር ሲጠጋ ያቃጥላል። በአፈር ሳይሸፈን በፀሐይ ከዋለ አሞኒያ ሆኖ ይበናል፣ ዝናብ ከበዛበት ደግሞ ናይትሬት ሆኖ ወደ ታች ይሰርጋል። ስለዚህ ብዙ ገበሬ ከከፈለበት ማዳበሪያ ቀላል የማይባለውን ክፍል አዝመራው ሳያገኘው ያጣል።

ህንድ ይህን ብክነት ለመቀነስ እ.ኤ.አ. በ2015 በአገሯ የሚመረተው ዩሪያ በሙሉ በኒም ዘይት እንዲቀባ አዘዘች። የኒም ዘይት ዩሪያን ወደ ናይትሬት የሚለውጡትን የአፈር ባክቴሪያዎች ሥራ ያዘገያል። ከፋብሪካ የወጣ ውህድና ከዛፍ የተገኘ ውህድ በአንድ ከረጢት ውስጥ እየተረዳዱ ይሠራሉ ማለት ነው። «የተፈጥሮ ወይስ ኬሚካል?» የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ጨርሶ ቦታ የለውም።

ኒምን ካነሣን ቆም እንበልበት፤ ይገባዋል። በአዋሽ ሸለቆ በጥላነቱ የሚታወቀው ይህ ዛፍ የተባይ ጠላትነቱ ለዓለም ሳይንስ በጉልህ የታየው በጎረቤታችን በሱዳን ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ሃይንሪች ሽሙተረር የተባለ ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ የአንበጣ መንጋ አካባቢውን ሙልጭ አድርጎ ሲበላ የኒም ዛፎችን ግን ሳይነካቸው ሲያልፍ አየ። ከዚያ በኋላ በተደረገ ምርምር ከፍሬው ውስጥ አዛዲራክቲን የተባለ ውህድ ተለየ። ውህዱ እጅግ የተወሳሰበ ነው። በእንግሊዝ አገር ካምብሪጅ በስቲቭን ሌይ የሚመራ ቡድን ከመነሻው ሠርቶ ለማጠናቀቅ 22 ዓመት ፈጅቶበት እ.ኤ.አ. በ2007 ነው የተሳካለት። ዛፉ ግን በየዓመቱ በየፍሬው ውስጥ ያለ ጫጫታ ይሠራዋል።

አዛዲራክቲን ተባዩን እንደ ሌሎች መርዞች ወዲያው አይገድልም፤ ገበሬ ብዙ ጊዜ ተስፋ የሚቆርጥበትም በዚህ ነው። ትሉ የተረጨውን ቅጠል ሲቀምስ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል። የበላም ቢሆን ቆዳውን ቀይሮ ወደሚቀጥለው ዕድገት የሚያሻግረው ሆርሞን ይዛባበትና በቀናት ውስጥ ይሞታል፤ ወይም ለመራባት ሳይበቃ ይቀራል። ጠዋት ረጭቶ ከሰዓት በኋላ ትሉ ሲንቀሳቀስ ያየ ሰው «ይኼ ነገር አይሠራም» ብሎ ወደ ጠንካራው መርዝ ይሄዳል። መድኃኒቱ ግን ሥራውን ጀምሯል። የሚመዘነውም ትሉ በመሞቱ ሳይሆን ቅጠሉ መበላቱን በማቆሙ ነው።

በቤት ለማዘጋጀት የደረቀውን የኒም ፍሬ አስኳል መውቀጥ፣ 50 ግራም ያህሉን በአንድ ሊትር ውሃ ዘፍዝፎ ማሳደር፣ በጨርቅ ማጥለልና ቅጠል ላይ እንዲጣበቅ ጥቂት ሳሙና መጨመር በቂ ነው። አዛዲራክቲንን የፀሐይ ብርሃን ቶሎ ስለሚሰባብረው የሚረጨው ወደ ማታ ነው። በእኛ አካባቢ ትኩረት የማይሰጠው ሌላ ነገር ውሃው ነው። በስምጥ ሸለቆ ብዙ የጉድጓድ ውሃ አልካላይነት ይበዛበታል፤ አልካላይ ውሃ ደግሞ አዛዲራክቲንንም ሆነ እንደ ማላታይን ያሉ የፋብሪካ መድኃኒቶችን ያፈርሳቸዋል። ስለዚህ በርሜል ውስጥ ተበጥብጦ ያደረ መድኃኒት በማግስቱ ሲረጭ ኃይሉን አጥቶ ሊሆን ይችላል። የሚበጠበጠው በዚያው ሰዓት ለሚረጨው ብቻ ይሁን፤ ከተቻለ ደግሞ በዝናብ ወይም በወንዝ ውሃ።

ኒም ከዛፍ ስለመጣ ብቻ ለሁሉም የዋህ ነው ብሎ መደምደም ስህተት ነው። የኒም ዘይት ለመድኃኒትነት ተብሎ በአፍ የተሰጣቸው ሕፃናት ለከባድ የአንጎልና የጉበት ሕመም የተዳረጉበት ሁኔታ በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግቧል።

«ማንን ይነካል?» የሚለውን ጥያቄ ከማንም በላይ አሳምሮ የመለሰልን ኢትዮጵያዊው ዶክተር አክሊሉ ለማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዝያ ተሸካሚዎች ነበሩ። እንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን ልብስ ለሚያጥበው እጅ ሳሙና ነው፤ ለቀንድ አውጣና ለዓሣ ግን ገዳይ ነው። ያው አንድ ውህድ፣ በዚያው ወንዝ፣ በዚያው ሰዓት። ዶክተር አክሊሉ በዚህ ሥራው ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር እ.ኤ.አ. በ1989 አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን ሽልማት ተቀብሏል። ቢልሃርዝያ በመስኖ ለሚለማው የወንጂ ሸንኮራ አካባቢም እንግዳ ስላልሆነ ይህን ታሪክ የአዳማ ልጆች በትምህርት ቤት ቢማሩት ደስ ይለኛል።

ተክሎች መርዝ የሚሠሩት መሸሽ ስለማይችሉ ነው። ቡና ካፌይንን፣ ትምባሆ ኒኮቲንን የሚያዘጋጁት ለእኛ መነቃቂያ ብለው ሳይሆን ለሚበላቸው ነፍሳት ነው። ኬሚስቶችም ከእነሱ ተምረዋል። ከፒሬትረም አበባ የሚገኘው ፒሬትሪን ነፍሳትን ወዲያው ይጥላል፤ ነገር ግን ፀሐይ ላይ በሰዓታት ውስጥ ስለሚፈርስ ለማሳ አይመችም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በእንግሊዝ አገር ማይክል ኤሊየትና ባልደረቦቹ አሠራሩን ጠብቀው ፀሐይ የሚቋቋም ዘመድ ሠሩለት፤ ዛሬ በየሱቁ የሚሸጡት ላምዳ ሳይሃሎትሪንና ዴልታሜትሪን ፒሬትሮይድ የሚባለው የዚህ ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ለሰው ከብዙዎቹ የቀድሞ መርዞች ይልቅ የተሻሉ ናቸው፤ ለዓሣና ለንብ ግን ክፉ ናቸው። ስለዚህ መርጫው በቦይና በወንዝ ዳር መታጠብ የለበትም፣ ሰብሉ ሲያብብም በቀን መርጨት አይገባም።

ከገዳዮቹ ወደ መልእክተኞቹ እንለፍ። እኔን ከሁሉ በላይ የሚማርከኝ ይህ ክፍል ነው። ተክል ነርቭ የለውም፤ ቅርንጫፉና ሥሩ የሚነጋገሩት በሆርሞን ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ ኦክሲን የሚባለው፣ ግንድ ወደ ብርሃን እንዲያጎነብስና ሥር እንዲያወጣ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሳይንቲስቶች የኦክሲንን ሥራ የሚያስመስልና ተክሉ በቀላሉ ሊያፈርሰው የማይችል ውህድ ሠሩ። ያ ውህድ የእኛ ገበሬ በስሙ የሚያውቀው ቱ ፎር ዲ ነው። አረሙ ላይ ሲያርፍ «እደግ» የሚለው ትእዛዝ ያለ ማቋረጥ ይደርሰዋል፤ ግንዱ ይጠማዘዛል፣ መተላለፊያዎቹ ይፈነዳሉ፣ በመጨረሻም ከዕድገት ብዛት ይሞታል። ጤፍ፣ ስንዴና ሸንኮራ አገዳ ግን የሣር ወገን በመሆናቸው በትክክለኛው ጊዜና መጠን ሲረጭ ይቋቋሙታል።

ቲማቲም አይቋቋመውም። ለቱ ፎር ዲ እጅግ ስስ ከሆኑት ሰብሎች አንዱ ነው። ነፋስ ከጎረቤት የጤፍ ማሳ ያመጣው ብናኝ ብቻውን ቅጠሉን እንዲጠማዘዝና ፍሬው እንዲበላሽ ያደርጋል። በቱ ፎር ዲ የተረጨበት መርጫ በውሃ ብቻ ተለቅልቆ ቲማቲም ላይ ሲውልም ውጤቱ ያው ነው። ቅጠሉ እንደ ቫይረስ በሽታ ስለሚጨማደድ ገበሬው ያልታመመን ሰብል ለማከም ሌላ መድኃኒት ይገዛል። ከተቻለ ለአረም ማጥፊያ የተለየ መርጫ መያዝ ከዚህ ሁሉ ኪሳራ ይርቃል።

ከመልእክተኞቹ ሁሉ ግን ለኢትዮጵያ ዋጋ ያስከፈለው ስትሪጎላክቶን የሚባለው ነው። ማሽላ ፎስፈረስ ሲያጥረው ከሥሩ ይህን ውህድ እጅግ በትንሹ ያንጠባጥባል፤ አፈር ውስጥ ያሉ አጋዥ ፈንገሶች ሰምተው ይመጡና ፎስፈረስ ያቀብሉታል። ችግሩ አቀንጭራ የምትባለው ጥገኛ አረምም ይህንኑ ጥሪ መስማቷ ነው። አቧራ የምታክለው ዘሯ ከ10 ዓመት በላይ አፈር ውስጥ ተኝታ ልትጠብቅ ትችላለች። ውህዱ ሲደርሳት ትበቅላለች፣ የማሽላውን ሥር ትሰረስራለች፣ ውሃውንና ምግቡን ትመጠምጠዋለች። ጎረቤቶቹን ለቡና የሚጣራ ሰው ድምፁን ሌባም ሰምቶ እንደሚገባበት ነው። አፈሩ በደኸየ ቁጥር ማሽላው አብዝቶ ይጣራል፤ አቀንጭራ በደሀ መሬት ላይ የምትበረታው በዚህም ምክንያት ነው።

በወሎንኮሚ የተወለዱት ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ይህን ውይይት ከሥሩ መረመሩት። ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አቀንጭራን የሚቀሰቅሰውን ምልክት በትንሹ ብቻ የሚያወጡ የማሽላ ዝርያዎችን መርጠውና አዳቅለው አወጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት በዋናነት በማሽላ ላይ በሠሩት ሥራ ነው። ማሳው ላይ የተረጨ ነገር የለም፤ ውህዱን የማወቅ ጥቅም አንዳንዴ ውህድ ላለመጠቀም ነው።

ወደ መጠን ስንመጣ ከአዳማ ርቀን መሄድ አያስፈልገንም። ወንጂ ውስጥ ለአሠርት ዓመታት ከጥልቅ ጉድጓድ የተጠጣው ውሃ ንጹሕ፣ ጥርት ያለና ፍጹም ተፈጥሯዊ ነበር። ከእሳተ ገሞራው ዐለት የሟሟው ፍሎራይድ ግን የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው 1.5 ሚሊግራም በሊትር ብዙ እጥፍ ስለነበር የልጆችን ጥርስ አበለዘ፣ የብዙ ሠራተኞችን አጥንትና አከርካሪ አደነደነ። ያው ፍሎራይድ በጥቂቱ በጥርስ ሳሙና ውስጥ ሆኖ ጥርስን ይጠብቃል። ጓያም እንዲሁ ነው። አልፎ አልፎ በሽሮ ውስጥ ሲበላ ሰው አይጎዳም፤ በድርቅ ዘመን ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን ግን በውስጡ ያለው ኦዳፕ የተባለ ውህድ እግርን ሽባ ያደርጋል፣ ሽባነቱም አይድንም። ጓያ ላይ ማንም መድኃኒት አልረጨም።

አጣዳፊ መርዛማነት የሚለካው ብዙውን ጊዜ በአይጥ ላይ ሲሆን፣ ግማሾቹን የሚገድለው መጠን በክብደታቸው ይሰላል። በዚህ መለኪያ ካፌይን በአንድ ኪሎ ክብደት 200 ሚሊግራም ገደማ ሲሆን፣ ግላይፎሴት የተባለው አረም ማጥፊያ ከ4,000 በላይ ነው። ግላይፎሴት የሚያግደው ኢንዛይም ተክሎችና ረቂቅ ሕዋሳት ያላቸው፣ እንስሳት ግን የሌላቸው ነው። ይህ ማለት ግን ጉዳዩ ተዘጋ ማለት አይደለም። ቁጥሩ በአንድ ጊዜ ስለሚዋጥ መጠን እንጂ ለዓመታት በየቀኑ ስለሚነካ እጅ አይናገርም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2015 ግላይፎሴትን ካንሰር ሊያስከትሉ ይችላሉ ተብለው በሚገመቱት ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ የአሜሪካና የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ በአግባቡ ከተያዘ ይህ ስጋት አልታየንም ይላሉ። ክርክሩ አላበቃም።

እዚህ ላይ ሸማቹ ቅር ይበለው እንጂ አንድ ነገር ልናገር። በመድኃኒቱ ቲማቲሙን ከሚበላው ይበልጥ የሚጎዳው ቲማቲሙን የረጨው ሰው ነው። በዶኒ፣ በመቂ ወይም በቆቃ ዙሪያ በቀን ሥራ የሚረጭ ወጣት በባዶ እጁ ይበጠብጣል፣ በባዶ እግሩ ጭቃ ውስጥ ይሄዳል፣ የጀርባ መርጫው የሚያንጠባጥበውም ሸሚዙን አልፎ ቆዳውን ያርሳል። መርዝ የሚገባው በአፍ ብቻ አይደለም፤ በላብ በራሰ ቆዳ ፈጥኖ ይገባል። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት መድኃኒቶች የነርቭ መልእክትን የሚያቆመውን ኢንዛይም ያግዳሉ፤ ሰውየው ያልበዋል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ወተት ማጠጣት መርዙን አያከሽፍም። ልብሱን አውልቆ በሳሙና አጥቦ፣ የመድኃኒቱን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዞ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው፤ ለኦርጋኖፎስፌት አትሮፒን የሚባል መድኃኒት አለና።

ዕቃው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ላልቻለ ሰው በሥሩ ያለው ቀለም ይናገራል። ቀይ እጅግ አደገኛ ነው፤ ቢጫ መካከለኛ፣ ሰማያዊ ዝቅተኛ፣ አረንጓዴ ደግሞ በተለመደው አጠቃቀም አጣዳፊ አደጋው አነስተኛ ነው። በአገራችን ሕግ መሠረት ያልተመዘገበ ጸረ ተባይ መሸጥ የተከለከለ ነው፤ ተከፍቶ በውሃ ፕላስቲክ ተቀድቶ የሚሸጥ መድኃኒት ስሙም ቀለሙም መጠኑም የለውም፣ በፍጹም ሊገዛ አይገባም።

ቆይታን በተመለከተ ዋናው ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ ያለው የቀን ብዛት ነው። በጽሑፉ ላይ 7 ቀን ከተባለ ተክሉ፣ ፀሐይና ውሃ መድኃኒቱን ከተፈቀደው መጠን በታች ለማውረድ ያን ያህል ይፈልጋሉ ማለት ነው። ዋጋ ሲጨምር ማታ ተረጭቶ ጠዋት የሚለቀም ቲማቲም ይህን ጊዜ ተነጥቋል፤ ቢታጠብም ላዩ ላይ ያለው እንጂ ውስጡ የገባው አይወጣም። ሸማቹ «ኬሚካል አለበት?» ከሚል «መጨረሻ የተረጨው መቼ ነው?» ቢል ገበሬው መልስ ሊሰጥበት የሚችል ጥያቄ ጠየቀ ማለት ነው።

የቲማቲም ቅጠል ቆፋሪው ቱታ አብሶሉታ እ.ኤ.አ. በ2012 ኢትዮጵያ ውስጥ ከታየ ወዲህ የርጭቱ ብዛት ጨምሯል። ትሉ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መካከል ስለሚኖር ብዙ መድኃኒት አይደርሰውም፤ በአንድ ዓመት ብዙ ትውልድ ስለሚተካም የተረፈው ልጆቹን ይዞ ይላመዳል። ገበሬ መድኃኒት ቀየርኩ ሲል ብዙ ጊዜ የቀየረው የንግድ ስሙን ነው፣ ውስጡ ያው ነው። ዕቃው ላይ የሚጻፈው የአሠራር ምድብ ቁጥር እዚህ ይጠቅማል፤ ሁለቱም ላይ 3 ከተጻፈ ሁለቱም ፒሬትሮይድ ናቸው። ቁጥሩ የተለየ መድኃኒት መርጦ ማፈራረቅ፣ ወንዱን የእሳት ራት በሴቷ ሽታ የሚስብ ወጥመድ መስቀልና የተበላውን ቅጠል ለቅሞ ማቃጠል አንድ ላይ ሲሆኑ ይሠራሉ። ከአዳማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚገኘው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል በአትክልት ላይ ለአሠርት ዓመታት የሠራ በመሆኑ ምክር የሚፈልግ ሰው ጎረቤት አለው።

በመጨረሻ ስለ ነቀዝ ክኒን። ይህ ለብዙ ቤተሰብ የሕይወት ጉዳይ ነው። ስንዴና በቆሎ ውስጥ የሚጨመረው ክኒን አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው፤ የአየሩን እርጥበት ሲያገኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። 3 ግራም የሚመዝን አንድ ክኒን 1 ግራም ገደማ ጋዝ ይለቃል። ጋዙ ከአየር በጥቂቱ ይከብዳል፣ በከረጢት ያልፋል፣ በግድግዳ ስንጥቅ ወደ ጎረቤት ክፍል ይገባል። የሴሎችን የኦክስጅን አጠቃቀም ያውካል፤ ማርከሻ መድኃኒትም የለውም። ነቀዝና ሰውን አይለይም። እህሉና መኝታው አንድ ክፍል በሆነበት ቤት ይህን ክኒን መጠቀም ልጆችን ከመርዝ ጋር ማስተኛት ነው፤ እባካችሁ አታድርጉት። ክኒኑ በተዘጋ መጋዘን፣ ሰው በማያድርበት፣ በሠለጠነ ሰው እጅ ብቻ የሚሠራ ነው።

ለቤት የሚሆነው ምንም መድኃኒት የሌለበት አየር የማያስገባ ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ነው። ሁለቱ የውስጥ ፕላስቲኮች ለየብቻ በደንብ ከታሰሩ ነቀዙ ራሱ በመተንፈስ ኦክስጅኑን ይጨርስና መብላትም መራባትም ያቆማል። እህሉ ግን በሚገባ መድረቅ አለበት፤ ለበቆሎ 13 በመቶ ርጥበት ገደማ ይመከራል። በመዳፍ ሲታፈስ የሚንሿሿ፣ በጥርስ ሲሰበር ቀጭ የሚል መሆን አለበት። ርጥቡ ከታሸገ ሻጋታ ይበቅልበታል፣ ከሻጋታዎቹ አንዳንዶቹም ጉበትን ለካንሰር የሚዳርገውን አፍላቶክሲን ይሠራሉ። እሱም የተፈጥሮ ነው፣ በመቀቀልም አይጠፋም። ስለዚህ ከረጢቱ ከመታሰሩ በፊት እህሉ በሸራ ላይ ተሰጥቶ ተጨማሪ ፀሐይ ቢያገኝ ይሻላል።